በቅጥር ውስጥ የኖሩ መጻተኞች



በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያና በሰኔ ወራት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በደረሰው መከራ ከ800 ሺህ በላይ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ወደ ገደብና ወደ ወርቃ ከመጡት ቤተ ሰቦች መካከል በሸራ ድንኳን ውስጥ የተገላገሉ እናቶች ነበሩ። ከጊዜ በኋላ አንድ የወርቃ ካቴኪስት ከእነዚህ ሕፃናት የአንዱን ጥምቀት ለማስመዝገብ ወደ እኔ መጥቶ፣ «አባ፣ የትውልድ ስፍራ በሚለው ዓምድ ምን እንጻፍ?» ሲል ጠየቀኝ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። የሕፃኑ አባት ተወልዶ ያደገው በቀርጫ ነው፤ አያቱም ቡና ተክሎ፣ እንሰት ኮትኩቶ፣ በመጨረሻም የተቀበረው እዚያው ነው። ይሁን እንጂ ልጁ በዚያ «መጤ» ተብሎ ወጣ፤ እዚህ በአባቶቹ አገር ደግሞ «ተፈናቃይ» ይባላል። ካቴኪስቱ በቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ «ቀርጫ»፣ አንድ ጊዜ «ወርቃ» ብሎ ጽፎ ሁለቱንም ሰርዟቸው ነበር። በዚያን ዕለት በአጭሩ መለስሁለት፤ ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህ ጽሑፍም የተጻፈው ስለዚሁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

በግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ ከሌላ አገር መጥቶ በሕዝቡ መካከል የሚኖር ሰው «ግዩር» ወይም «ፈላሲ» ይባላል። አማርኛው «መጻተኛ» ይለዋል። በገበያና በቀበሌ የምንሰማው «መጤ» የሚለው ቃል ከዚያው «መጣ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ነገር ግን እንደ ድንጋይ የሚወረወር ቃል ሆኗል። «እንግዳ» የሚለው ቃላችን ግን ይገርማል፤ የማይታወቀውን ሰውና በክብር የሚጋበዘውን ሰው በአንድ ስም ይጠራል። በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥33-34 እግዚአብሔር እስራኤልን ስለ መጻተኛው ሲያዝዝ ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበው የመጻተኛውን ደግነት አይደለም፤ የእስራኤልን የግብፅ ኑሮ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛም በ1952 ስለ ስደተኞች ባወጡት ሐዋርያዊ ሕግ መጀመሪያ ላይ ያቆሙት ወደ ግብፅ የሸሸውን ቅዱስ ቤተ ሰብ ነው።

እኛም የራሳችን ግብፅ አለን። በ1846 ለአባ ማስያስ የተሰጠው ሐዋርያዊ ቪካሪያት የኦሮሞንና የደቡብን ምድር በሰፊው የሚያቅፍ ነበር፤ በኋላ የተነሡት ከእርሱ እየተከፈሉ ተቋቋሙ። የእኛው ቪካሪያትም በ1937 በነጌሌ ስም ተጀምሮ፣ በ1969 የአዋሳ ተብሎ፣ በ1979 ወደ ቪካሪያትነት ያደገ ነው። የዚያ የቀድሞው ቪካሪያት ጳጳስ ለብዙ ዓመታት የተቀመጠው ቅጥር ባላት ከተማ በሐረር ነበር፤ እርሱም ራሱ ስደተኛ ነበር።

ጀጎልና ሰዎቿ

ሐረርን የከበበው የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥንታውያን በሮቹ 5 ናቸው። በውስጡ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የቅዱሳን መቃብሮች እንዳሉ ተቆጥሯል። የከተማይቱ ተወላጆች ራሳቸውን «ጌይ ኡሱእ» ይላሉ፤ የከተማ ሰው ማለት ነው። ቋንቋቸውም «ጌይ ሲናን»፣ የከተማ ቋንቋ ነው። የሚጠሩት በዘር ግንድ ስም ሳይሆን በሚኖሩበት ስፍራ ስም መሆኑን ልብ በሉ። ከቅዱሳኖቻቸው ሁሉ በላይ የሚያከብሯቸው ሼኽ አባድርም፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ ከዐረብ አገር የመጡ ናቸው። ስለዚህ ቅጥሩን የቆሙለት ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ የሚጀምሩት ከውጭ በመጣ ሰው ነው።

ይህ ማለት ግን በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነበር ማለት አይደለም። በጥር 1855 ሪቻርድ በርተን የሚባል፣ በአባቱ በኩል የአየርላንድ ወገን ያለው እንግሊዛዊ መኮንን ወደ ሐረር ገብቶ 10 ቀን ያህል ተቀመጠ። ክርስቲያን በገባባት ጊዜ ከተማይቱ ትወድቃለች የሚል አሮጌ ንግርት እንደ ነበረ የጻፈልን እርሱ ነው። ከተማይቱ በእርግጥ ከ20 ዓመት በኋላ ወደቀች፤ የያዛት ግን በ1875 የመጣው የግብፅ ጦር፣ ማለትም የሙስሊም ጦር ነበር። ንግርትን ለሚያምን ሰው ይህ ጥሩ ትምህርት ይመስለኛል።

ግብፃውያን በ10 ዓመት ቆይታቸው ገበያውን ለውጭ ሰዎች ከፈቱ። ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሕንዶች፣ የየመን ዐረቦች፣ ጣልያኖችና ፈረንሳውያን ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ለመግዛት ገቡ። በ1880 መጨረሻ የመጣው ባለቅኔው አርተር ራምቦ የአንድ ፈረንሳዊ ቡና ነጋዴ ተቀጣሪ ነበር፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት ግን ከእርሱ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። በዓለም ሁሉ የታወቀው ሰው በከተማይቱ ውስጥ ቤት አልተወም፤ ስሙ ብዙ ያልተነገረለት ሕንዳዊ ግን እንጨቱን ጠርቦ፣ ሰገነቱን አቁሞ ሄደ።

በ1881 ወደዚህች ከተማ የገቡት ሌላው እንግዳ አቡነ ታውሪን ካኝ ናቸው። ካፑቺን ነበሩ። ከአባ ማስያስ ጋር ከሸዋ የተባረሩት በ1879 ነው፤ በባሕር ዳርቻ በኩል ዞረው መጡ እንጂ የተዘጋጀ መንበር አልጠበቃቸውም። በሙስሊሞች ከተማ፣ በግብፃውያን አገዛዝ ሥር፣ በነጋዴዎች መካከል ተጠግተው ጸሎት ቤት ከፈቱ። በ1887 ምኒልክ ሐረርን ይዘው ራስ መኰንን ገዥ ሲሆኑ፣ ከተማይቱ በክርስቲያን መንግሥት ሥር ገባች፤ ለካቶሊካውያኑ ግን መጻተኝነቱ አልቀረላቸውም። ለሙስሊሙ ክርስቲያኖች፣ ለኦርቶዶክሳዊው ደግሞ «የፈረንጅ ሃይማኖት» ነበሩ። አቡነ ታውሪን በ1899 እዚያው በሐረር አረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ በዚህ አገር ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ኖሩ። ሚሲዮኑ በጀጎል ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑን አቆመ፤ ወላጅ ያጡና ከባርነት የወጡ ሕፃናትን አሳደገ። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ማንም ሊጠጋቸው የማይፈልገውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሰበሰበ። ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ ጋዜጦች አንዱ የሆነው በፈረንሳይኛ የሚወጣው ጋዜጣ ከ1905 ጀምሮ የታተመው ለእነዚሁ ሕሙማን መርጃ ነበር፤ ማተሚያ ቤቱም በቅዱስ አልዓዛር ስም ተጠራ። መጻተኛው ጳጳስ ራስ ተፈሪንም አስተማሩ። በካፑቺኖቹ ዘንድ የተማሩትና የተፈሪ መምህር የነበሩት አባ ሳሙኤል በ1915 በሐሮማያ ሐይቅ ጀልባ ሰጥማ ከሞቱት አንዱ ናቸው።

ይህን ስል ድካማቸው ሁሉ ያለ ነቀፋ ነበር ማለቴ አይደለም። የፈረንሳይ ቆንስልና የሚሲዮኑ ደጅ ብዙ ጊዜ ተቀራርበው ቆመዋል፤ የአገሩ ልጆች ካህናት ሆነው ኃላፊነት እስኪረከቡም ብዙ ዘመን ፈጅቷል። በጣልያን ወረራ ዘመን ግን ያው ፈረንሳዊነት ወደ ውጭ የሚያስገፋ ሆነ። አቡነ እንድርያስ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከኖሩበት አገር ወጥተው በ1941 በቱሉዝ ከተማ ሞቱ። ሲመጡ እንግዳ የነበሩት ሽማግሌ በተወለዱበት አገር እንግዳ ሆነው እንዳረፉ እገምታለሁ።

የነጋዴዎቹ ቤተ ሰቦችስ? አርመኖች ከ1895-96ቱ ግድያና ከ1915ቱ ጭፍጨፋ ሸሽተው ወደ አገራችን ሲገቡ ሐረር አንዷ መጠጊያቸው ነበረች። ወርቅ አንጥረኛ፣ ጫማ ሰፊ፣ ልብስ ሰፊ ሆኑ። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚወስደው መንገድ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» እየተባለ ይጠራል፤ እኔ ይህን ስም ከብዙ ሐውልት አስበልጠዋለሁ። የአንዳንዶቹ ልጆች ከአገሩ እናቶች ተወልደው፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ሦስትና አራት ቋንቋ እየተናገሩ አደጉ። የባቡሩ ሐዲድ ተራራውን መውጣት ስላልቻለ ሐረርን ትቶ በ1902 ድሬዳዋን ሲመሠርት ንግዱ ወደ ቆላ ወረደ፤ ቤተ ሰቦቹም ተከተሉት። በ1975 መሬትና ትርፍ ቤት ሲወረስ ደግሞ አብዛኞቹ የግሪክና የአርመን ቤተ ሰቦች ከአገር ወጡ። በዛሬው ጊዜ በመላ ኢትዮጵያ የቀሩት አርመኖች ከ100 ብዙም እንደማይበልጡ ይነገራል።

ሌላ ቅጥር፣ ሌላ ስደተኛ

እስካሁን የተናገርሁት ይዞ ስለ መጣ መጻተኛ ነው። ሐረር ነጋዴውን የተቀበለችው ገበያ ስለ ነበረች ነው፤ ገንዘብ ያለው እንግዳ በሁሉ ስፍራ ወንበር ያገኛል። ባዶ እጁን፣ ታሞና ተርቦ የመጣውስ? ለዚህ ጥያቄ ወደ ሌላ ቅጥር፣ ወደ ካናዳዋ ኬቤክ ልውሰዳችሁ።

ኬቤክ በ1608 በፈረንሳውያን የተመሠረተች የካቶሊካውያን ከተማ ናት፤ ከሜክሲኮ በስተ ሰሜን የመከላከያ ግንቧ ሳይፈርስ የቀረላት እርሷ ብቻ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዚያ ወደ ብሪታንያ ግንድ ጭነው የሚሄዱ መርከቦች ሲመለሱ ባዶ ከመሆን ይልቅ ድሆች አየርላንዳውያንን በርካሽ ዋጋ ያሳፍሩ ነበር። አየርላንዳውያኑ እንደ ከተማይቱ ሰዎች ካቶሊካውያን ናቸው፤ ቋንቋቸው ግን ሌላ ነው። ቅዳሴው በላቲን ስለ ነበረ አብረው ያስቀድሳሉ፤ ስብከቱ ሲጀመር ግን አይግባቡም። አባ ፓትሪክ ማክማሆን የሚባሉ ካህን ሕዝባቸውን አስተባብረው በቅጥሩ ውስጥ የቅዱስ ፓትሪክን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በ1833ም ተከፈተ።

በ1845 በአየርላንድ የድንች በሽታ ገባ፤ ድንች ለእነርሱ እንሰት ለእኛ እንደ ሆነ ያለ ነበር። በ1847 ብቻ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ኬቤክ ተሳፈረ። በመርከቦቹ ውስጥ ታይፈስ ተነሣ። ከከተማይቱ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ግሮስ ኢል በምትባለው የሕሙማን ማቆያ ደሴት በዚያ አንድ ዓመት ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች ተቀበሩ። ከ40 የሚበልጡ የካቶሊክ ካህናት ተራ በተራ ወደ ደሴቲቱ ሄደው አገለገሉ፤ ሕሙማኑን ሲናዝዙ በሽታው ይዟቸው የሞቱ አሉ። የአንግሊካን ካህናትም እንዲሁ ሄደዋል፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ።

ከ600 በላይ ሕፃናት ወላጅ አልባ ሆነው ቀሩ። የኬቤክ ካቶሊካውያን ሴቶች ማኅበር ተቀበላቸው፤ የገጠሩ ቆሞሳትም በየቁምስናቸው ቤት ፈለጉላቸው፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎችም ወሰዷቸው። እነዚህ ገበሬዎች ራሳቸው ብዙ ልጆች ያሏቸው ድሆች ነበሩ። ብዙዎቹ ልጆች የአየርላንድ ስማቸውን እንደ ያዙ አደጉ። ዛሬ በኬቤክ ራያን ወይም ኦኒል ተብለው ከፈረንሳይኛ በቀር ሌላ የማይናገሩ ቤተ ሰቦች መኖራቸው ከዚህ ዓይነቱ መደባለቅ የመጣ ነው።

ታሪኩን ከእውነቱ በላይ ማሳመር አልፈልግም። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ የአየርላንዳውያኑና የፈረንሳውያኑ የወደብ ሠራተኞች ስለ ሥራ ተጣልተው በአደባባይ ተደባደቡ፤ ሰውም ሞተ። ሁለቱም ወገን እሑድ እሑድ ወደ አንድ ጠረጴዛ የሚቀርብ ነበር። በ1889 ደግሞ ከቅጥሩ በታች ባለው ገደል ሥር ቋጥኝ ተንዶ ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ አብዛኞቹ ከወደብ ሥራ የሚኖሩ አየርላንዳውያን ነበሩ። የግንድ ንግዱ ሲዳከምና ትልልቅ መርከቦች ወደ ሞንትሪያል ማለፍ ሲጀምሩ ብዙዎች ሥራ ፍለጋ ከተማይቱን ለቀቁ። ባቡሩ ሐረርን እንዳደረጋት ማለት ነው። በ1909 በግሮስ ኢል ትልቅ መስቀል ተተከለ፤ ጽሑፉ በአየርላንድኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ተቀርጿል።

ሕገ ቀኖና «መጤ» የሚለው ማንን ነው?

አሁን ወደ ካቴኪስቱ ጥያቄ እንመለስ። ቪካሪያታችን የላቲንን ሥርዓት ስለሚከተል የሚመራን በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖና ነው። ቀኖና 100 ሰዎችን በመኖሪያቸው ይለያል፤ ነዋሪ፣ ከዚያም በላቲን «አድቬና» የሚባለው፣ መንገደኛና መኖሪያ የሌለው ተንከራታች። «አድቬና» ቃል በቃል ሲተረጎም «መጤ» ማለት ነው፤ በሴሚናሪ ሳነበው ልብ አላልሁትም ነበር። ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያን መጤ የሚባረር ሰው አይደለም። ቀኖና 102 እንደሚለው፣ አንድ ሰው በቁምስናው ቢያንስ 3 ወር ለመቆየት አስቦ ከተቀመጠ፣ ወይም 3 ወር ከኖረ፣ ከፊል መኖሪያ አገኘ። ለዘለቄታው ሊኖር አስቦ ከተቀመጠ፣ ወይም 5 ዓመት ከሞላው፣ ሙሉ ነዋሪ ነው። ሕጉ ስለ ብሔርም ስለ ቋንቋም አይጠይቅም፤ አባቱ የት እንደ ተቀበረም አይጠይቅም። ምንም መኖሪያ የሌለው ተንከራታች እንኳ በቀኖና 107 መሠረት በዚያን ሰዓት ያለበት ስፍራ ቆሞስ የራሱ ቆሞስ ነው። ስለዚህ በድንኳን ያደረች እናት ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ ቆሞስ አላት።

መዝገቡን በሚመለከት ቀኖና 877 የተጠማቂውን ስም፣ የአጥማቂውን፣ የወላጆቹን፣ የክርስትና አባትና እናቱን፣ ምስክሮች ካሉም የእነርሱን፣ ጥምቀቱ የተፈጸመበትን ስፍራና ቀን፣ የትውልዱንም ቀንና ስፍራ መጻፍን ያዛል። የትውልድ ስፍራ ማለት እናቲቱ የተገላገለችበት ስፍራ ነው፤ ድንኳንም ቢሆን። አንዳንድ ካቴኪስቶች በዚህ ዓምድ ላይ «ተፈናቃይ» ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ። ይህ ስሕተት ነው፤ ተፈናቃይ የሚባል ስፍራ የለምና። ልጁ ከ20 ዓመት በኋላ ለጋብቻ የጥምቀት ማስረጃ ሲጠይቅ ያ ቃል ተገልብጦ ይወጣል።

ወላጅ አልባ ሆነው በዘመድ ወይም በጎረቤት ቤት የሚያድጉ ልጆችን ነገር በተለይ አስተውሉ። እኛ አገር ስም ማለት የአባት ስም ነው፤ በጉዲፈቻ የወሰደው ሰው የራሱን ስም ይሰጣል፤ የወለደው አባት ስም በዚያው ይቀራል። ያው ቀኖና በሦስተኛው ክፍሉ የአሳዳጊዎቹ ስም እንዲጻፍ፣ በአገሩ የመንግሥት መዝገብ የሚደረግ ከሆነም የወለዱት ወላጆች ስም አብሮ እንዲጻፍ ይላል። በኬቤክ ገጠር የነበሩት ገበሬዎች ማድረጋቸውን ያየነው ይህንኑ ነው፤ ልጁን የእነርሱ አደረጉት፣ የሞተውን አባቱን ግን አልሰረዙበትም። የሁለቱን ስም ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ አሳዳጊውን ጠርታችሁ በቀስታ አስረዱ። አንዳንዱ ልጁን የሚነጥቁት መስሎት ይፈራል።

የጌዴኦና የጉጂ ሽማግሌዎች የሁለቱ ሕዝብ አባቶች ዳራሶና ጉጆ ወንድማማቾች እንደ ነበሩ ይተርካሉ፤ ደም ሲፈስም በጎንዶሮ ሥርዓት ይታረቃሉ። በ2018 የተፈናቀለው ጌዴኦ ብቻ አይደለም፤ የጉጂ ቤተ ሰቦችም ወጥተዋል። ከእነርሱ በቁምስናችን ክልል ያለ ቢኖር ከላይ የተጻፈው ሕግ ለእርሱም ነው፤ 3 ወር ለእርሱም 3 ወር ነው።

የዚያን ሕፃን ጥምቀት የመዘገብነው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ካቴኪስቱ መዝገቡን ከፍቶ የትውልድ ስፍራ በሚለው ዓምድ «ወርቃ» ብሎ ጻፈ፤ በአባት ስም ረድፍም የአባቱንና የአያቱን ስም አሰፈረ። አባትየው ማንበብ ስለማይችል ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ የትኛው ቃል የአባቱ ስም እንደ ሆነ ጠየቀ። ካቴኪስቱም ጣቱን በስሙ ላይ አድርጎ በጌዴኡፋ አነበበለት።